የተነፋው አፈር

የሚስቱን ጩኸት ሲሰማ አባ ወንፊት ግማሽ ፊቱን በሳሙና አርሶ መስታወት ፊት ቆሞ ነበር። ምላጩን ጥሎ፣ አረፋው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ወደ ጓሮ በረረ። እባብ ነደፋት ነው ያለው በልቡ። ካልሆነም ወድቃ ተሰብራለች። ሌላ ምን ያስጮሃታል? ሚስቱ በምጥ እንኳ ጥርሷን ነክሳ የወለደች ሴት ናት።

ደርሶ ሲያይ አልወደቀችም፤ እባብም የለም። የአትክልት መደቡ ዳር ተንበርክካ፣ ቀኝ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከሰውነቷ አርቃ አየር ላይ ይዛዋለች።

«ምንድን ነው? ምን ነካሽ?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ! ዓይን ያለህ አንተ አይደለህ?»

ቀረብ ሲል ሽታው ቀድሞ ደረሰው። የድመት አር! ገና አሁን የተቀበረ፣ ትኩስ የድመት አር። እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ዘፍቃበታለች። አባ ወንፊት ቧንቧው ጋ ወስዶ በሳሙና ሲያጥባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

«በቃኝ» አለች። «ከዛሬ ወዲያ እዚህ መደብ ውስጥ እጄን አላስገባም።»

እሱ ደግሞ ይህቺን ቃል ከሰማ በኋላ ሰላም አላገኘም። እንዴት ያግኝ? የሚስቱ ዓይን ብርሃን ካጣ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ጭጋግ መሰላት፣ ቀጥሎ ጥላ፣ በኋላ ምንም። የቀራት ይህ ጓሮ ብቻ ነበር። ካሮቱን ከአረሙ በጣቷ ትለየዋለች። ቲማቲም መብሰሉን ዳሰስ አድርጋ ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ፣ ለራሷ እያንጎራጎረች ትሠራለች፤ ከዚያ ናናዋን ቀጥፋ አፏ ውስጥ ጣል ታደርግና «ኖርኩ እኮ!» ትላለች። አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ ሳሎን ወንበር ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ልትውል ነው።

አባ ወንፊት የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነው። ሌላው ለሳኝ አሸዋውን አንዴ ነፍቶ ወደ ሥራው ሲገባ፣ እሱ እንደገና ይነፋል፤ አይቶ ካላማረው ደግሞ ይነፋል። ከቀለም ሥር አንዲት ጠጠር ቀርታለች ብሎ ከጠረጠረ እንቅልፍ አይወስደውም። ታዲያ ሥራ ሲያቆም ወንፊቱ ሥራ አላቆመም። አንድ ቀን ሚስቱን ጣቷን ስለታም ድንጋይ ቆርጧት ሲያይ «ቆይ ብቻ!» አለ። መደቡን ሙሉ ቆፍሮ፣ አፈሩን እያደረቀ በልስን ወንፊት ነፋው። ድንጋዩንና ጠጠሩን ከውሃ ታንከሩ ኋላ ከመረው። አፈሩ ዱቄት ሆነ። ደስ ብሎት ሲያፏጭ ሰነበተ።

ሲጨርስ እጇን ይዞ አስገባላት። ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

«ለስልሷል» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ደስታ አፏን ያስያዛት መሰለው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ካሮቱን ስትፈልግ ቲማቲም ሥር ትገኛለች፤ አንዳንዴም «ናናው ወዴት ነበር?» ብላ ትጠራዋለች። እርጅና ነው ብሎ ይዛ የምትሄድበት ገመድ ወጠረላት።

እና አሁን ድመት መጣ!

እናንተዬ፣ ሰውዬው ያልሞከረው የለም። የብርቱካን ልጣጭ ረጨ፤ ድመቶቹ ከልጣጩ ጎን ተቀምጠው ፀሐይ ሞቁ። በጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ደረደረ፤ አንዷ ጠርሙሱን ተደግፋ ተኛች። ያረጁ ሲዲዎች በክር አንጠለጠለ፤ ድመቶቹ ተጫወቱባቸው። እሾህ ላንጥፍ ብሎ አሰበና የሚስቱ ጣቶች ትዝ አሉት። በርበሬ ልበትን አለ፤ እሱም እጇን ያቃጥላል። የድመቱን እግር የሚያስቀይም ነገር ሁሉ የእሷን እጅ የሚያስቀይም ሆኖ አገኘው። ስለዚህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጠዋት ጠዋት ቆሻሻውን እየዛቀ አውጥቶ፣ በቦታው ደረቅ አፈር ነፍቶ መሙላት። ይነፋል፣ ያስተካክላል፣ በልስን ጣውላው ለጥ ያደርጋል። በማግስቱ ሲወጣ እነሱ ደግሞ ቆፍረውበታል። ይባስ ብለው ቁጥራቸው እየጨመረ መጣ። ጥቁሩ፣ ግራጫው፣ ጅራተ ቆራጣው፣ አንዲት እርጉዝ ሳትቀር! የሰፈሩ ድመት ሁሉ ወሬ የሚቀባበል ይመስል ነበር።

ነገሩ ደሙን አፈላውና አንድ ቀን የአጥሩን ብረት በር እየደበደበ ጎረቤቱ ዘንድ ገባ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ብቻዋን የምትኖር፣ ቁም ነገረኛ ሴት። ሦስት ድመቶች አሏት። እሱን ባየች ቁጥር «ጋሼ» ብላ ከመቀመጫዋ የምትነሣ፣ ለሚስቱም ቀሚስ ሰፍታ በነፃ የምትሰጥ ሰው ናት።

«ድመቶችሽን ሰብስቢ!» አላት ገና ከበሩ።

«ምን አደረጉ ጋሼ? የእኔዎቹ እኮ ከግቢ አይወጡም…»

«አይወጡም ትላለች ደግሞ! ሚስቴ በእነሱ ምክንያት ቤት ታስራ ቀረች እኮ! አንቺም ልጅ ቢኖርሽ ኖሮ የአውሬ ዘር ስታቅፊ አትውይም ነበር።»

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አነሣችው። እሱም ያንን ከአፉ ማውጣቱን ራሱ አላመነም። ይቅርታ ሊል ፈልጎ ሳለ ጥሎ ወጣ።

በሆነ ሰዓት ቁጣው ይበርዳል ብሎ ነበር። ግን ቤቱ ሲገባ ሚስቱን እዚያው ወንበር ላይ ያገኛታል። «ምን እየሠራሽ ነው?» ሲላት «ተቀምጫለሁ» ትለዋለች። ማንጎራጎሯ ቀርቷል። ሊያወጣት እጇን ሲይዛት ቀስ ብላ ታስለቅቀዋለች። አንድ ማምሻውን በረንዳው ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ነፈረቀ፤ የሰማው ሰው ያለ አልመሰለውም። ሲነጋ ሱቅ ሄዶ የአይጥ መርዝ ገዛ።

«አይጥ አስቸገረዎት እንዴ?» አለው ባለሱቁ።

«አዎ። ትልልቅ አይጦች» አለ ዓይኑን ሰብሮ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ዓሣ ለሁለት ቆርጦ መርዙን እያሸ ለወሰበትና በቆርቆሮ ሳህን አድርጎ መደቡ ጥግ አስቀመጠው። ሚስቱ ጓሮ ከረገጠች ቆይታለች፤ ነገም አትወጣም። እሱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሳህኑን ያነሣል፣ የሞተውን ይቀብራል፣ ከዚያ ነገሩ ያበቃል። እንዲህ ብሎ ነው የተኛው። እንቅልፍ ግን አሾፈበት።

ሲነቃ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታዋለች። እጁን ወደ ጎን ሰደደ። የሚስቱ ቦታ ባዶ ነበር፤ አንሶላውም በርዷል።

በባዶ እግሩ፣ በውስጥ ሱሪው፣ በሩን ገጭቶ ወጣ። ሚስቱ መደቡ ውስጥ ተንበርክካለች። እያንጎራጎረች ነው! ስንት ሳምንት ሙሉ የናፈቀው ድምፅ! ሳህኑ አጠገቧ ተገልብጦ ተደፍቷል። ዓሣ የለም። የእሷ ቀኝ እጅ ደግሞ አንዲት የናና ቅጠል ይዞ ወደ አፏ እየሄደ ነው።

ጮኸም አልጮኸም አያውቅም። ዘሎ እጇን መታው።

አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን እጁን አንሥቶባት የማያውቅ ሰው ነው። ቅጠሏ በነነች። ሚስቱ የተመታ እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች።

«መታኸኝ?» አለች፤ የሆነውን ያላመነች ይመስል።

«አፍሽ! አፍሽን ነክተሻል? የበላሽው ነገር አለ? ተናገሪ እንጂ!»

«ምን በላሁ? አሁን ገና ልቀምስ ስል አይደል የመታኸኝ!»

እየጎተተ ቧንቧ ሥር ወሰዳት። በሳሙና፣ ደግሞ በአመድ፣ ደግሞ በሳሙና ፈተጋት። ጥፍሯን አንድ በአንድ ፋቀ። «ምንድን ነው? ምን አገኘህብኝ?» ስትለው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለ።

«ዓሣው መርዝ ነው» አለ። «ለድመቶቹ ብዬ… እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ውሃው ይፈሳል። ሚስቱ እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ ቀረች።

«ከትናንት ወዲያ ማታ በረንዳ ላይ ስታለቅስ ሰምቼህ» አለች፣ «ዛሬ ደስ ይበለው ብዬ ነው የወጣሁት።»

አባ ወንፊት ይህን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን መሬትም ጊዜ አልሰጠችውም፤ አንድ ነገር ትዝ አለውና ብድግ አለ።

«ዓሣውስ? ዓሣውን የት አደረግሽው?»

«እጄ ሲነካው የልብስ ሰፊዋ ድመቶች እየጎተቱ ያመጡት መሰለኝ። እዚያው ቤታቸው ይብሉት ብዬ በአጥሩ ላይ ወረወርኩት።»

ወይ ጉድ! ሱሪም አላሰበም፣ ጫማም አላሰበም። የጎረቤቱን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። ልብስ ሰፊዋ የታጠበ አንሶላ ልታሰጣ ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች። የዓሣው ጭንቅላት የማብሰያ ቤቷ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወድቋል፤ ሻምበል የምትለው ወፍራም ነጭ ድመቷ ደግሞ ጢሙን እያርገበገበ አጠገቡ ደርሷል። አባ ወንፊት ግድግዳው ሥር የቆመ በርሜል ላይ ወጣ፣ ከበርሜሉ ጣሪያው ላይ ተሳበ። መወጣጫ ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ደግነቱ እግሩ ሥራውን አልረሳም። ሻምበል አንዴ አሸተተ። አፉን ከፈተ። አባ ወንፊት ባዶ እጁን ከቆርቆሮው ጋር አላተመ፤ ጣሪያው እንደ ነጎድጓድ ጮኸና ድመቱ ዘሎ ወረደ።

«ጋሼ! ምን ሆኑ? በሰላም ነው?»

ዞር ሲል ልብስ ሰፊዋ የዓሣውን ሌላ ግማሽ ከእግሯ ሥር አንሥታ በሁለት ጣቷ ይዛዋለች።

«ጣይው! መርዝ ነው!»

ጣለችው። የዓሣውን ጭንቅላት ይዞ ከጣሪያው እስኪወርድ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሲወርድ ዓይኗ ፈጦ ነበር።

«ለእኔ ድመቶች ነው ጋሼ?»

ውሸት ጠፋበት። «አዎ» አለ። «ሚስቴ ነካችው። ሳታውቅ ወረወረችው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያኔ የተናገርኩሽም… እሱም ጥፋቴ ነው። እኔ እንጃ ምን እንደ ሆንኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንድ ነገር ሊል ሲል እጇን አንሥታ አስቆመችው። ከዚያ ተነሥታ እጇን ታጥባ አንሶላ ሰጠችው፤ እሱም በውስጥ ሱሪ ብቻ መሆኑን ገና አሁን ዐውቆ ወገቡ ላይ ጠመጠመው። እጁን ይዛ ወደ በረንዳው ጥግ ወሰደችው። አንድ የጣውላ ሣጥን አለ፤ ውስጡ አሸዋ።

«የእኔ ድመቶች ከዚህ ሌላ የትም አይጸዳዱም። ወደ እርስዎ የሚመጡት ከሥጋ ቤቱ ኋላ የሚውሉት ናቸው። ያን ዕለትም ላስረዳዎት ነበር።»

ጎንበስ ብሎ ከአሸዋው አንድ ጭብጥ አነሣ። ጣቶቹ አወቁት። ልስልስ፣ ደረቅ፣ አንዲት ጠጠር የሌለበት።

«ማነው የነፋልሽ?»

«ራሴ ነኛ! ጠጠር ካለበት አይገቡማ። ለእግራቸው አይመቻቸውም፤ መጫሪያም ያጣሉ። ይሄ ዱቄቱ ነው የሚወዱት። ድንጋይ የበዛበትን ቦታ ገልመጥ አድርገው ነው የሚያልፉት።»

አባ ወንፊት አሸዋው በጣቶቹ መሃል እስኪያልቅ ድረስ አፉን ከፍቶ ቆመ። ጠዋት ጠዋት የነፋው ሁሉ፣ በጣውላ ለጥ ያደረገው ሁሉ! አልጋቸውን ሲያነጥፍላቸው ኖሯል። ለሚስቱ ብሎ!

ወደ ቤት ሲመለስ ሚስቱ ያው ቧንቧው ዘንድ ነበረች። ከፊቷ ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ ነገራት። አንሶላ መልበሱን ሳይቀር ነገራት። አልሳቀችም።

«ሳህኑን የት ነበር ያስቀመጥከው?»

«ጥጉ ላይ። በበሩ በኩል።»

«እስኪ ቦታውን አሳየኝ።»

እጇን ይዞ ወሰዳት። የተመረዘውን አፈር እንዳትነካ እጇን ከላዩ አየር ላይ ያዘላት። ጣቶቿን ዘረጋች።

«እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው» አለች። «ከሁሉ በፊት እጄን የማሳርፈው እዚህ ነው። ይሄን አታውቅም?»

ያውቅ ነበር። ስንት ዓመት ከመስኮት ሆኖ ሲያያት ኖሯል! ማወቁ ነው ክፉኛ ያስደነገጠው።

«ድሮ እዚህ ጋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር» አለች። «እሱን ካገኘሁ በቃ፣ ሌላው ይታየኛል። ከእሱ በግራ ሁለት ክብ ክብ ድንጋዮች፣ ከእነሱ ኋላ ካሮቱ። ያቺ ጣቴን የቆረጠችኝ ሹሏ ደግሞ ናናው ጋ ነበረች። አንተ ነፍተህ ዱቄት ያደረግከው ዕለት እኔ ሁለተኛ ታወርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ልንገርህ? እያፏጨህ እኮ ነበር የምትነፋው!»

አባ ወንፊት የጥጉን አፈር ጥልቅ አድርጎ ዝቆ አወጣና ከዓሣው ጋር ራቅ አድርጎ ቀበረው። ከዚያ ጋሪውን እየገፋ ታንከሩ ኋላ ሄደ። ነፍቶ ያወጣውን ድንጋይ ቀኑን ሙሉ መልሶ አመላለሰ። እሷ ዳር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ እየዳበሰች ትቀበለዋለች። «ይቺ አይደለችም። እሷም አይደለችም። አዎ፣ ይቺ የካሮቱ ናት፤ የት ጠፍተሽ ነው!» ጠፍጣፋውን ድንጋይ ከክምሩ ሥር ሲያገኘው ማንነቱን አልነገራትም፤ እጇ ላይ አኖረው። ለረጅም ጊዜ አቅፋ ያዘችው። ቦታውን ራሷ ፈልጋ አስቀመጠችው።

ድመቶቹ መጥተው አዩ። ጥቁሩ በጠጠሩ ላይ ሁለት ሦስቴ ተራምዶ፣ እግሩን እያራገፈ ሄደ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ ከስንት ማቅማማት በኋላ በአጥሩ ላይ ሰላምታ መስጠት ጀመረች፤ ሚስቱን «እትዬ» እያለች፣ እሱን ግን ገና በአጭሩ። ሚስቱም ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮዋ መውጣት ጀመረች። ጠፍጣፋውን ድንጋይ ዳሰስ ታደርግና እጇ ያለምንም መጠየቅ መንገዱን ይይዛል። ገመዱን ራሷ ፈትታ ጣለችው።

አንድ ጠዋት አባ ወንፊት እያያት ነበር። አዲስ የበቀለውን ናና አገኘችው። አንዲት ቅጠል ቀጠፈች፣ አሸተተች፣ ወደ አፏ ወሰደች። ከከንፈሯ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ በፊት ቆሞ አያውቅም። ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ይበላል?» አለችው።

የተቆጣች አልነበረችም። እንዲሁ መጠየቋ ነው። አባ ወንፊት «ይበላል» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሄዶ አጠገቧ ተንበረከከ። ቅጠሏን ከጣቶቿ ተቀብሎ አፉ ውስጥ አስገባትና፣ እንድትሰማው ብሎ ድምፅ እያሰማ አኝኮ ዋጣት።

ሚስቱ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ሌላ ቀጠፈችና በላች።